ሸዋገነት ቡሶላ ስትመርጥ

ሸዋገነት መራጭ ናት። ይህን የማያውቅ ነጋዴ ኮልፌ ውስጥ አልነበረም። ሽንኩርት ስትገዛ አንዷን ራስ ሦስት ጊዜ ታገላብጣለች፤ ጨው ሳትቀምስ አትገዛም፤ ራሷ ጌሾ ነጋዴ ስለሆነች ደግሞ የሌላ ሰው ጌሾ ስታይ ፊቷ እንዴት እንደሚኮሳተር ባይነገር ይሻላል። ለጋብቻ የመጡ ሽማግሌዎችን ሦስት ጊዜ መልሳ በአራተኛው መሸሻን እሺ ስትል፣ ሰፈሩ በሙሉ ምን ዓይነት ሰው ይሆን ብሎ ሊያየው ወጣ። መሸሻ ግን ተራ ሰው ነበር፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። እሷ ምን እንዳየችበት ለሰዉ የገባው ኋላ ነው።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ክረምት መሸሻ ጠመንጃውን አንግቶ ከአርበኞች ጋር ወጨጫ ጫካ ገባ። ሲሄድ ሚስቱ መፀነሷን እሱም እሷም አላወቁም። በዓመቱ ግንቦት ማለቂያ ላይ ሴት ልጅ ተወለደች። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለችና ቀኑ ተቆጥሮ ነሐሴ አሥራ ስድስት፣ የፍልሰታ ዕለት ላይ ዋለ።

ወሬውን ጫካ ያደረሰው መገርሳ ነው። መገርሳ ከተራራው ሥር የሚያርስ፣ በሳምንት ሁለት ቀን እንጨት በአህያ ጭኖ ኮልፌ የሚመጣ ገበሬ ሲሆን፣ የኬላው ወታደሮች ከመልመዳቸው የተነሳ ቀና ብለው እንኳ አያዩትም። ሐምሌ አጋማሽ ላይ የመሸሻን መልስ ይዞ መጣ። መሸሻ ልጁን ሳያይ ክርስትና እንድትነሳ አይፈልግም፤ ይመጣል። ችግሩ መንገዱ ነው። በትልቁ መንገድ ኬላ አለ፤ በጫካው በኩል ደግሞ የክረምቱ ጉም የራስን እጅ እንኳ አያሳይም። ሁለት ጊዜ ሞክረው፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ተጉዘው፣ ሁለቱንም ጊዜ የተገኙት የተነሱበት ዝግባ ሥር ነው። መሸሻ ድሮ ለአንድ መንገድ ቀያሽ ፈረንጅ ዕቃ ይሸከም ስለነበር፣ ጣሊያኖቹ ቡሶላ የሚሏትን መንገድ ጠቋሚ ዕቃ ያውቃታል። እሷን ፈልጊልኝ፤ እኛ የምንሄደው በሩጫ ነውና ለሩጫ የምትሆነውን ምረጪ ብሏል። ምን ዓይነት ናት ብላ ስትጠይቀው መገርሳ ጥቂት አሰበና፣ መርፌዋ ምንጊዜም ወደ አንድ ቦታ የምታሳይ ናት አላት። ወዴት እንደሆነ ግን መንገድ ላይ ረስቶታል።

ምረጪ መባሏ ራሱ ሸዋገነትን ደስ አሰኛት። ጎረቤቷ አልፊያ ለጣሊያን ካምፕ እንቁላል ታቀርባለች፤ ወታደሮቹም በእንቁላል የማይለውጡት ነገር አልነበረም። በሳምንቱ አልፊያ ሦስት ቡሶላ ከቅርጫቷ ጭድ ሥር አውጥታ መደቡ ላይ ደረደረችላት። አንዷ የካፖርት ቁልፍ የምታክል፣ አዲስ፣ የምታብለጨልጭ ነበረች። ሁለተኛዋ የኪስ ሰዓት ትመስላለች። ሦስተኛዋ ክዳን ያላት የተቧጨረች ነሐስ ስትሆን፣ ከመስተዋቷ ሥር ዘይት የመሰለ ነገር ተሞልቶባታል።

ሸዋገነት አጠገባቸው ተቀመጠች። የሦስቱም መርፌ ወደ እሷ ዞረ። ተነስታ በሌላው በኩል ተቀመጠች፤ ተከትለዋት ዞሩ። አልፊያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወደ አንድ ቦታ የተባለው ቦታ ማን እንደሆነ ለሸዋገነት ያኔ ገባት፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። አትሳቁባት፤ ባሏን ዓመት ሙሉ ያላየች አራስ ናት። ከሦስቱ ትንሿ ቁልፍ መሳይዋ እየተንቀጠቀጠች በጣም ስለተጣበቀችባት እሷን መረጠች።

«ይቺ ናት» አለች፤ «የትም ይሁን የት፣ ወደ እኔ ታመጣዋለች።»

በማግስቱ መገርሳ ከመምጣቱ በፊት ገላዋን ልትታጠብ መቀነቷን ፈትታ ጓዳ ጥግ ጣለችው። ቡሶላዋን ዞር ብላ ብታያት መርፌዋ የምታሳየው መቀነቱን ነው። ለአፍታ በገዛ መቀነቷ ቀናች። ከዚያ አነሳችና ዘረገፈችው፤ የተሰበረ ማጭድ ወደቀ። አራስ ብረት ከላይዋ አይለይም፤ አክስቷ እትዬ አጸደ ገና በወለደች ዕለት ያንን ማጭድ መቀነቷ ውስጥ ሸጉጠውባታል፤ እሷም ስለለመደችው ረስታዋለች። ማጭዱን ወደ ግራ ወሰደችው፤ መርፌዋ ተከተለች። ወደ ቀኝ፤ አሁንም ተከተለች። ልጅቷ ከእንቅልፏ እስክትባንን ድረስ ሳቀች።

ሳቁ ሳያልቅ ግን ክው አለች። መሸሻ ጠመንጃውን ሲበላም ሲተኛም ከትከሻው የማያወርድ ሰው ነው። ይቺን ይዞ ቢወጣ የገዛ ጠመንጃውን ተከትሎ ዝግባው ሥር ለሦስተኛ ጊዜ ይገኛል፤ ከባሰም ኬላው ላይ። ለመገርሳ ገና አልመረጥኩም ብላ በባዶ እጁ መለሰችው።

ምርጫው እንደ አዲስ ተጀመረ። እትዬ አጸደ ብረቱ ከቤት ከወጣ ሕፃኗን ምን ያገኛት ይሆን ብለው ሞቼ እገኛለሁ አሉ። ከብዙ ክርክር በኋላ ማጭዱን ይዘው አጥሩ ሥር ቆመው እንዲጠብቁ ተስማሙ። ማጭዱ ሲርቅ ሦስቱም መርፌዎች እርስ በርስ ተስማሙ። ሸዋገነት ከደጇ ሆና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተመለከተች። መቅደሱ የሚታነጸው ወደ ምሥራቅ ነው፤ መርፌዎቹ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን የግራ ጎን ይዘዋል፤ ሰሜን ማለት ነው። ወደ አንድ ቦታ የተባለው እሷ ሳትሆን ሰሜን ነበር። ትንሽ ቅር አላት፣ ግን ብዙም አልቆየባት።

ከዚያ ለሩጫ የምትሆነውን መለየት ነው። ቡሶላዎቹን በየተራ እየያዘች ከደጇ እስከ ጉድባው ሮጠች፤ ቆም እያለችም መርፌው እስኪረጋ ቆጠረች። ሰፈሩ አራስ ስትሮጥ አይቶ አያውቅም፤ ሁለት ሴቶች ጠበል ትወሰድ ብለው ለእትዬ አጸደ መከሩ። ቁልፍ መሳይዋ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም ድረስ ስትዋዥቅ ቆየች። የኪስ ሰዓት መሳይዋን ውሃ ውስጥ ብትነክራት ውሃ ገባባትና መስተዋቷ ደበዘዘ። የተቧጨረችው ነሐስ ግን በስመ አብ ተብሎ አሜን ከመባሉ በፊት ቀጥ አለች፤ ውሃውም ምንም አላደረጋትም። ሸዋገነት ለአንገት የሚሆን ገመድ ጎንጉና ክዳኗ ላይ አሰረችላትና ኬላው እንዳያያት ጨው ከረጢት ውስጥ ቀበረቻት።

መገርሳ መልእክቱን ሲሰማ ራሱን አከከ። ቡሶላዋን የሚይዝ ሰው ጠመንጃውን ለሌላ ይስጥ፤ ያ ሰው ደግሞ ሃያ እርምጃ ከኋላው ይራቅ ነው መልእክቱ። አርበኛን ጠመንጃህን አውርድ ማለት ለእሱ ቀላል አልሆነም።

«ይህን ለመሸሻ የምነግረው እኔ ነኝ?» አላት።

«እኔ ነኝ ያልኩት በለው። ልጅህን ማየት ከፈለግህ ባዶ እጅህን ና ብላለች በለው።»

ነሐሴ አሥራ ስድስት ጠዋት ጉሙ ከወጨጫ ወርዶ ኮልፌን ውጧት ነበር። ሸዋገነት ልጇን ታቅፋ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመች። ቄሱ ነገሩን ያውቃሉና ጸሎቱን አረዘሙት፤ አንዴ የደገሙትንም ደገሙት። እትዬ አጸደ ሕፃኗ ብርድ ሊመታት ነው፣ ይበቃል አሉ። ሸዋገነት ጥቂት ይቆዩልኝ አለቻቸው። ምናልባት መልእክቱን ሰምቶ ተቆጥቶ ይሆናል፤ ምናልባትም ጠመንጃውን አላወርድም ብሎ አሁን የትኛው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ይሆናል።

ቄሱ ከዚህ በላይ ማርዘም አቅቷቸው ዞር ሲሉ ከባሕር ዛፉ መሀል አንድ ረጅም ሰው ወጣ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ትከሻው ላይ ምንም የለም። ነሐሷን መዳፉ ላይ አስቀምጦ፣ እንዳትፈስበት የሚፈራ ይመስል በሁለት እጁ ደግፎ፣ ዓይኑን ከመርፌዋ ሳያነሳ ቀጥ ብሎ ይመጣል። ከኋላው ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ሌላ ሰው ሁለት ጠመንጃ ተሸክሞ ይከተለዋል። መሸሻ ሰዉንም አላየ፣ አጥሩንም አላየ፤ ከአጥሩ ጋር ሊላተም ሁለት እርምጃ ሲቀረው ሸዋገነት ከፊቱ ቆመች።

«ቀና በል» አለችው፤ «ደርሰሃል።»

ቀና አለ። መጀመሪያ ያየው ሚስቱን ነው፣ ቀጥሎ የታቀፈችውን። ቡሶላዋን ለቀቃት፤ በገመዷ ደረቱ ላይ ተንጠለጠለች። መዳፎቹን ጋቢው ላይ ጠረገ። ጫካ ከገባ ጀምሮ ሁለቱም እጆቹ ባዶ ሆነው ማንም አይቶ አያውቅም፤ ዘረጋቸውና ልጁን ተቀበላት።