ለደረጀ የነፈግኩት ረዳት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአት ስዘረዝር ይህችን እየዘለልኳት ኖሬያለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ይሆናል።

እኔና ደረጀ ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው። የዕቃ ማድረስ ሥራ ስከፍት የመጀመሪያው ሹፌሬ እሱ ሆነ። ትላልቅ መኪኖች ቀን ቀን ከተማ ስለማይገቡ፣ ሸቀጡን ሰንጋ ተራ ካለው መጋዘናችን እያነሳን በባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ለየሱቁና ለየሆቴሉ እናደርሳለን። ደንበኛ ሞላ፤ ትርፍ ግን የለም። ባለሀብቶች ሊገቡበት ፈልገው፣ "መጀመሪያ ሥራው ራሱን ይቻል" አሉኝ። እኔም አስቻልኩት፤ በየተሽከርካሪው ላይ የነበሩትን ረዳቶች አሰናበትኩ።

ደረጀ ቢሮዬ ድረስ መጣ። "ሰሎሞን፣ ቁልቁለት ላይ ብቻዬን ማራገፍ ከባድ ነው። ጎማውን በድንጋይ የሚያስደግፍልኝ ሰው ስጠኝ።"

"ትንሽ ታገሰኝ በቃ፤ ሰዎቹ እስኪፈርሙ።"

ታገሰኝ።

ኡራኤል አካባቢ የታሸገ ውሃ ሲያራግፍ ተሽከርካሪው ቁልቁል ተንሸራቶ ከግንብ ጋር አጣበቀው። አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ባለሀብቶቹ ጠሩኝ። "ረዳት አልነበረውም እንዴ?" አሉ። እኔ ምን አልኩ? "መድቤለት ነበር፤ ብቻዬን ይሻለኛል ብሎ እምቢ ያለው እሱ ነው" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማን አስገደደኝ? ማንም። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። እነሱም ፈረሙ።

ሆስፒታል ስሄድ ለባለሀብቶቹ ያልኩትን ከሥራ ባልደረቦቹ ሰምቶ ጠበቀኝ። ትራሱን ተደግፎ አየኝና፣ "እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ?" አለኝ። የያዝኩትን ብርቱካን አልጋው አጠገብ አስቀመጥኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዛሬ በየተሽከርካሪው ሁለት ሁለት ሰው ይሠራል። ለካ ሥራው ከነረዳቱም ያተርፍ ነበር፤ መታገስ ያቃተኝ እኔ ነኝ። ሠራተኞቼ ምሳ አብረው ሲበሉ ሳቃቸው ይሰማኛል፤ እኔ ስገባ ዝም ስለሚሉ በሬን ዘግቼ እበላለሁ። የድሮው ግቢያችን ፈርሶ ጎረቤቱ ተበትኗል። ስለ ደረጀ የምጠይቀው ሰው የለኝም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እሱም ውሸት ነው። የእህቱ ስልክ አለኝ። አልደወልኩም።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የተቆረጠው የእናንተ እግር አይደለም። ይቅርታ የምለምነውን ሰው አውቀዋለሁ። እፈራዋለሁ።