የአንድ ቀን ካንዴላ

ከሱሉልታ እንዳልወጣ አስሮ የያዘኝ ሰው አልነበረም፤ ካንዴላ ነበር።

እንግዶች ቅዳሜና እሁድ ሊዝናኑ በሚመጡበት ግቢ ውስጥ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ሚስቴና ልጄ ያሉት ሰበታ ነው። በየቀኑ መመላለስ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ስለሆነ፣ የማድረው ከመጋዘኑ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ነበር። ቤቴ የምገባው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው። ልጄ ስታየኝ እናቷ ቀሚስ ውስጥ መደበቅ ጀመረች። አንጀቴን የቆረጠው ይሄ ነው።

ሰበታ ያለ አንድ ፋብሪካ ሲቀበለኝ ደስታዬን አትጠይቁኝ። «ሰኞ መልቀቂያህን ይዘህ ና፤ ካልሆነ ተጠባባቂውን እንጠራለን» አሉኝ። መልቀቂያ ያለ ክሊራንስ አይሰጥም። ክሊራንስ ደግሞ በስምህ ያለውን ንብረት አንድ በአንድ ካላስረከብክ የለም። ወንበሩ፣ ድንኳኑ፣ የፈረስ ኮርቻው ሁሉ ተቆጥሮ ልክ መጣ። የቀረው ሜዳ ለሜዳ የሚነዳው ባለ አራት ጎማ ሞተር ብቻ ነበር። እንግዶቹ ፈረሱን ስለሚመርጡ ፈላጊ አጥቶ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሸራ ለብሶ ተኝቷል።

ሥራ አስኪያጁ የርክክብ ቅጹን ገልጦ አሳየኝ። «ሁኔታ» ከሚለው ሥር «የሚሠራ» ይላል፤ ከጎኑ የእኔ ፊርማ አለ።

«የሚሠራ ብለህ ተረክበሃል፤ የሚሠራ አድርገህ አስረክብ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ፊቴ አስነስቶት ሞተሩ ግቢውን ሲያናውጠው፣ ዓይኔን ሳላሽ ነበር የፈረምኩት። በሦስተኛው ሳምንት ጸጥ አለ። ያኔውኑ አሳውቄ ቢሆን! ግን አዲስ ነበርኩ፤ አበላሸኸው እንዳልባል ፈርቼ ሸራ አለበስኩት።

ረቡዕ ዕለት መካኒክ አመጣሁ። ባትሪ ከሰው ተዋሰ፣ ካርቡራተሩን አጠበ፣ አዲስ ቤንዚን ሞላ። በመጨረሻ ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ ፈቶ አወጣው። በጥላሸት ጠቁሯል፤ ነጩ ሸክላውም ተሰንጥቋል። «ሌላው ደህና ነው። ለሞተርህ የሚሆን ካንዴላ ፈልግ» ብሎ አሮጌውን እጄ ላይ ጣለልኝ።

መንገድ ዳር ያለው መለዋወጫ ሱቅ ገብቼ «ካንዴላ፣ ለባለ አራት» ስለው፣ ሻጩ አራት የመኪና ካንዴላ ደረደረልኝ።

«ባለ አራት ጎማ እንጂ ባለ አራት ፒስተን አልኩህ እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት። እሱ ምን አጠፋ! እኔን ያሳበደኝ ሰኞ ነው።

ሐሙስ ቡራዩ ሄድኩ። የሞተር መለዋወጫ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ አሉ ብለውኝ ነበር። «አካም ጅርቱ፣ አባባ?» አልኳቸው። የሞተሩን ዓይነት ስነግራቸው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አሮጌውን ካንዴላ አገላበጡት።

«ሞተርህን አውቀዋለሁ። ይሄ ግን የእሱ አይደለም» አሉኝ። «የእሱ የሚጠመዘዝበት ጥርሱ ረዘም ይላል።»

«እርስዎ ጋ ይኖራል?»

«ሂንጅሩ፣ የለም። ካዘዝክ በአሥራ አምስት ቀን ይመጣልሃል።»

አሥራ አምስት ቀን! ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ አሮጌውን ካንዴላ አፍጥጬ ሳየው አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። የእሱ ባይሆንም አንዴ አስነስቶታል እኮ!

ዓርብ እንደ አሮጌው ያለ ካንዴላ ስፈልግ ሰበታ፣ ጅማ መንገድ ላይ፣ ለገበሬዎች የውሃ መሳቢያ ሞተር የምትሸጥ ሴትዮ ጋ ገባሁ። ካንዴላውን ገና ስታየው ሳቀች።

«ይሄማ የእኛው ነው። የውሃ ሞተር ካንዴላ ነው። የት ከተህ ነው እንዲህ ያቃጠልከው?»

ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች።

«ጥርሱ እኮ ያጥርበታል፣ ወንድሜ። ለዕለቱ ይነሳልሃል፤ ከዚያ ጥላሸት ይበላዋል። ሦስት ሳምንትም አይቆይም።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ያ ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ እዚሁ ባንኮኒ ፊት ቆሞ፣ ይህንኑ ሰምቶ፣ ገዝቶ ሄዷል። ልሰድበው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እጄ የከፈልኩበትን አዲስ ካንዴላ ጨብጦ ነበር። የቤቴ ቆርቆሮ ከሱቁ በር ላይ ይታየኛል፤ ሳልገባ ተመለስኩ። ሚስቴን ምን ይዤ እንደመጣሁ ልነግራት አልፈለግኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ተረካቢዋ ተጂ ከምትባል ከተማ የመጣች፣ ሥራ ከጀመረች ሳምንት ያልሞላት ልጅ ናት። ሞተሩን አየችው፤ ከዚያ ከሞተሩ ይልቅ እኔን ረዘም አድርጋ አየችኝ።

«ይሠራል አይደል፣ ጋሼ?»

«እያየሽው!»

ፈረመች። ሰኞ ፋብሪካው በር ላይ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ስልኬ ላይ የተረካቢዋን ልጅ ስም ባየሁ ቁጥር ሳላነሳው ቀርቻለሁ። ልጄ አሁን ትከሻዬ ላይ ወጥታ አልወርድ ትላለች። ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም። ግን ስልኩ ሲጮህ ደስታዬ ውስጥ አንድ ነገር ይጠቁራል። ባለፈው ወር አንድ ቀን ልጄ ቀድማኝ አነሳችውና «አባዬ፣ ላንተ ነው» ብላ ሰጠችኝ።

«ጋሼ፣ እንደምን ነዎት? ስለዚያ ሞተር ካንዴላ ልጠይቅዎት ነበር።»

«ትክክለኛው ጥርሱ ረዘም ያለ ነው» ብዬ ቸኮልኩ። «ቡራዩ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ካዘዝሻቸው…»

«እሱን አይደለም፣ ጋሼ» አለችኝ። ቁጣ የለባትም፤ ድካም ብቻ ነው ድምፅዋ ውስጥ ያለው። «እሱማ አሥራ አምስት ቀን ይፈጃል። እኔ የምፈልገው እርስዎ ያስነሱበትን ነው። አገሬ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ቅዳሜ አስረክባለሁ።»

«ለማን?» አልኳት።

«አዲስ ሰው ነው።»

የሰበታዋን ሴትዮ ሱቅ ምልክት ነገርኳት።