በኅዳር የሚለቀም ወይን

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬያቸው አላውቅም። ስንት ጊዜ ፊታቸው ቀርቤ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን ዘርዝሬ ይህችን ግን ዋጥ አድርጌ ተመልሻለሁ። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው።

ጽጌ ታናሽ እህቴ ናት። እናታችን ስታርፍ ከአዲስ አበባ ወደ ስቶክሆልም አምጥቼ፣ ሱንድቢበሪ ካለው ቤቴ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። የምሠራው የደቡብ ጣሊያን ምግብ በሚያቀርብ ሬስቶራንት ነው፤ ለእንግዳ ወይን ጠጅ መርጬ እቀዳለሁ። ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ቡሹን ሳላሸት ጠርሙስ አላምንም፤ ሰውንም እንደዚያው ነው የማየው።

ጽጌን ሊያገባ የፈለገው መስፍን ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሊተዋወቀኝ አንድ እሑድ ምሳ ላይ መጣ። ከስቶክሆልም ወጣ ብሎ ሶደርተልየ፣ የጭነት መኪና ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ወረቀት ያልተለጠፈበት ጠርሙስ ይዟል። ገና ሳየው ጠረጠርኩ። ስም የሌለው ወይን ጠጅ ይዞ እጮኛ ቤት የሚመጣ ምን ዓይነት ሰው ነው? ስዊድን ከመግባቱ በፊት ደቡብ ጣሊያን፣ ባዚሊካታ በሚባል አገር ወይን ይለቅም እንደነበረና ጠርሙሱን የቀድሞ አሠሪው እንደላከለት አጫወተን። የወይኑ ዘር አልያኒኮ ይባላል አለ። መቼ ነበር የምትለቅሙት ብዬ ጠየቅኩት።

«ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ነው ጋሽ ኃይሉ። አንዳንዴ ኅዳርም ይገባል። ጣታችን በብርድ ይደነዝዝ ነበር ቢያምኑኝ!»

አላመንኩትም። ያኔ እኔ በደንብ የማውቀው እዚያው ደቡብ ጣሊያን፣ ፑልያ የሚበቅለውን ፕሪሚቲቮ የሚባለውን ዘር ነበር፤ እሱ ነሐሴ ላይ ይደርሳል። በዚያ ሁሉ ፀሐይ አገር፣ በኅዳር ብርድ ወይን ለቀምኩ የሚል ሰው ምን ይባላል? ቀመስኩት። አፌን ጭምድድ አደረገው። እንደሄደ ለጽጌ፣ ይህ ሰው ወይን ለቅሞ አያውቅም፣ በዚህ የዋሸ በምን አይዋሽም፣ እዚያ አገር ምን ሲሠራ እንደኖረ ማን ያውቃል አልኳት። በወይን ነገር እኔን ታምነኛለች። ስልኩን ማንሳት ተወች።

እስከዚህ ድረስ ስሕተት ነው ልበል። ኃጢአቴ ከዚህ በኋላ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ወይን ጠጅ የሚያቀርብልን ነጋዴ ሊያስቀምሰን አልያኒኮ ይዞ መጣ። ያው አፍ የሚጨመድድ፣ ያው የመስፍን ወይን ጠጅ። ከፍ ያለ ተራራ ላይ፣ በእሳተ ገሞራ አፈር የሚበቅል፣ ሌላው ሁሉ ተለቅሞ ካለቀ በኋላ ኅዳር ሲቃረብ የሚለቀም ነው አለን። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ለጽጌ ደወልኩላት? አልደወልኩም። ቤት ስገባ ነገርኳት? አልነገርኳትም። እራት አቅርባ ጠበቀችኝ፤ በላሁ። እሷ አግብታ ሶደርተልየ ከሄደች እኔ ከማን ጋር እበላለሁ? ይኸው ነው ምክንያቴ፤ ሌላ የለኝም። መስፍንን መጠርጠር ሲያቅተኝ እንኳ የምጠረጥረው መስዬ ኖርኩ።

መስፍን ሌላ አገባ። ጽጌም ጥላኝ ወጣች፤ ኡፕላንድስ ቬስቢ ብቻዋን ትኖራለች።

ባለፈው ወር እኔ የምሠራበት ሬስቶራንት መጥታ እራት ስትበላ፣ ከጎኗ ለተቀመጡ እንግዶች አልያኒኮ እየቀዳሁ እንደ ልማዴ አስረዳኋቸው፤ ብርድ ከገባ በኋላ፣ በኅዳር ነው የሚለቀመው አልኩ። ዞር ስል ሹካዋን አስቀምጣ ታየኛለች። ሰምታለች? ሹካዋን አንስታ መብላቷን ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር ድምፅዋን እመረምራለሁ። ሳቋን ሳይቀር እጠረጥራለሁ።

ትናንት ደወለች።

«ጋሼ፣ ለፋሲካ ስትመጣ ወይን ጠጅ ይዘህ ና። ያንን በኅዳር የሚለቀመውን።»

ዘጋችው።

ጠርሙሱን ገዝቻለሁ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ባቡር ላይ ሆኜ የምላትን ሳሰናዳ እንደምሄድ አውቃለሁ። አላወቅኩም ነበር ብላት ምናልባት ታምነኝ ይሆናል፤ በወይን ነገር እኔን ታምነኛለች። አልላትም። አውቅ ነበር።