አምቦ መብራት በጠፋ ጊዜ

ባለቤቴ አዲስ አበባ የዓይን ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ነበራት። የኤሌክትሪክ መኪናችን ከነቀምት በአንድ ቻርጅ ስለማትደርስ፣ መንገድ ላይ ቻርጅ ለማድረግ አምቦ ካለ ሆቴል ጋር ተነጋግሬ ነበር። በጉዟችን ዋዜማ ጠዋት የሆቴሉ ሰው ደውሎ፣ «መብራት ከጠፋ ሁለት ቀኑ ነው» አለኝ። ቀጠሮው ካመለጠን ሌላ ማግኘት ከባድ ነው። ደንግጬ ከአምቦ በፊት መንገዳችን ላይ ባለችው ባኮ ወፍጮ ቤት ላላቸው የማውቃቸው ሽማግሌ ደወልኩ።

«አባባ፣ መብራት አለ?»

«ለዛሬ አለ። ነገን እንጃ። ኮቱ፣ ና ልጄ፣ አሁኑኑ ና።»

ልብስ እንኳ በወጉ ሳንይዝ ወጣን። ስንደርስ ወፍጮው ፊት ሴቶች ተሰልፈዋል። የኤሌክትሪክ መስመሩ ወፍጮና መኪና አንድ ላይ አይችልም። ሽማግሌው በኦሮምኛ አስረዷቸው። አንዷ ባለቤቴን አየት አድርጋ፣ «ዓይኗ ይቅደም» አለች፤ ሁሉም እህላቸውን እዚያው አሳድረው ሄዱ። መኪናዋን እዚያው ቻርጅ አድርገን፣ በማግስቱ አዲስ አበባ ገብተን ለቀጠሮው ደረስን።