የበርጩማው ባለቤት

በአእምሯዊ ንብረት ቢሮ ከፊቴ የተሰለፉት ሰውዬ አናጢ መሆናቸውን እጃቸው ይናገራል፤ የግራ አውራ ጣታቸው ጥፍር የለውም። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ የሚታጠፍ የልጆች በርጩማ ታቅፈዋል።

"ልጄ፣ ይሄ የእኔ ፈጠራ ነው" አሏት የንድፍ መዝጋቢዋን። "ፋብሪካ አስመስሎ በፕላስቲክ እያወጣው ነውና መዝግቢልኝ።"

"ገበያ ላይ ከዋለ ስንት ጊዜው ነው፣ አባባ?"

"ስድስት ዓመት!" አሉ ኮራ ብለው።

ፊቷ ተለወጠ። "የሚመዘገበው አዲስ ንድፍ ብቻ ነው። ከዓመት በላይ ከተሸጠ ሕጉ አይፈቅድም።"

"የሸጥኩት እኮ እኔው ነኝ!"

"ማንም ይሽጠው፣ ሰው ካየው ዓመት ካለፈ አዲስ አይባልም።"

ያላመነቻቸው መሰላቸው። ከኪሳቸው ከአምስት ዓመት በፊት የተቆረጠ የሽያጭ ደረሰኝ አወጡ። ቀጥሎ ከአንድ መዋዕለ ሕፃናት የተጻፈ የቆየ የምስጋና ደብዳቤ ደረቡበት። በገዛ ማስረጃቸው ራሳቸውን እየረቱ መሆኑን የሚነግራቸው ጠፋ።

በመጨረሻ ጠርዙ የተበላ ፎቶግራፍ በሁለት እጃቸው ዘረጉላት። አንዲት ሕፃን በርጩማው ላይ ተቀምጣ ትስቃለች።

"ገና መሸጥ ሳልጀምር የመጀመሪያውን የሠራሁት ለዚች ለልጄ ነበር። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባች። እንግዲህ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ላምጣ?"

መዝጋቢዋ ፎቶውን ትክ ብላ አየችው።

"ታምራለች፣ አባባ" አለች፤ ፎቶውን መልሳ እያቀበለቻቸው።