ለቦይለሩ የመጡ መስሎኝ

ባለፈው ሳምንት ፎረስት ፓርክ ያለውን ቤቴን የሚያሞቀው ቦይለር አልጠፋ አለኝ። የሙቀት መቆጣጠሪያውን፣ ቴርሞስታቱን፣ እስከ መጨረሻ ባወርደውም ከምድር ቤቱ፣ ከቤዝመንት የሚመጣው ጉርምርምታ አላቆመም፤ በየክፍሉ ያሉት የማሞቂያ ብረቶች እጅ አያስነኩም። ሊያይልኝ የመጣው ሠራተኛ ወርዶ ጥቂት ቆየና "ጋዝ የሚያስገባው ቫልቭ እንደተከፈተ ተጣብቆ ነው" አለኝ። "ገምቻለሁ" አልኩት። እንዴት እንደገመትኩ ሲጠይቀኝ ሂሳቡ ስንት እንደሆነ ጠየቅሁት። ለማላውቀው ሰው ብዙ አላወራም። ይህን የምጽፈውም እትዬ አስካለ እንድታነበው ብዬ ነው።

እትዬ አስካለ የአክስቴ ልጅ ናት፤ በዕድሜ በጣም ትበልጠኛለች። ወደዚህ አገር፣ ወደ ኮለምበስ ከተማ ያስመጣችኝ እሷ ነበረች፤ ይህንንም ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ሳታነሳ አታልፍም። ሃያዎቹን ገና ስጀምር ዋይንላንድ ፓርክ በሚባለው ሰፈር እሷ ቤት እኖር ነበር። ቀን ኖርዝላንድ ሰፈር አዛውንት ስንከባከብ እውላለሁ፤ ማታ የእሷን ሕፃን አዝላለሁ። የሕፃኑ ክርስትና ሊደርስ አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር። በረዶው መቅለጥ ጀምሯል፤ መንገድ ዳር የተከመረው ከጨውና ከጭቃ ጋር ተደባልቆ ጠቁሯል።

ቅዳሜ ማለዳ ስነቃ ቤቱ እንደ ምድጃ ግሏል። ሕፃኑ ፊቱ ቀልቶ ይነጫነጫል።

"አንቺ ነሽ የነካካሽው!" አለችኝ እትዬ አስካለ፣ ቴርሞስታቱን እያወረደች።

"ኧረ አልነካሁም፣ እትዬ!"

"ታዲያ ማን ነካው? ይሄ ጨቅላ ነው?"

መስኮቶቹን ስከፍት በሩ ተንኳኳ። ጋሼ መኮንንና ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ ካፖርታቸውን እንደደረቡ ቆመዋል። ሦስት ሽማግሌ በማለዳ በር ሲያንኳኳ ለምን እንደሆነ የማያውቅ አበሻ የለም። እኔ ግን ሙቀቱ አናቴ ላይ ወጥቷል፤ ደግሞም ጋሼ መኮንን የአፓርትመንት ጥገና ሠራተኛ ነበሩ።

"ጋሼ፣ በዚህ ማለዳ ለቦይለሩ ብላችሁ ነው? እግዜር ይስጥልን!" አልኳቸው።

ጋሼ መኮንን እትዬ አስካለን አዩዋት። እሷም ቶሎ ብላ "አዎ፣ ለቦይለሩ ነው" አለች።

"አዎ፣ ልጄ" አሉ እሳቸውም፣ ቀስ ብለው።

መጀመሪያ ቴርሞስታቱን ከፈቱና አንዱን ሽቦ ነቀሉ። "አሁን ከጠፋ ጥፋቱ የዚህ ነው" አሉ። አልጠፋም። ባትሪ ይዤላቸው ቤዝመንት ወረድን፤ ሁለቱ ሽማግሌዎችም ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገብቷቸው ተከተሉን። ጋሼ መኮንን ቱቦዎቹን እየዳበሱ ቫልቭ ሲፈልጉ፣ እኔ ጨዋታ ጀመርኩ።

"ከዚህ ሙቀት ለአባዬ ትንሽ ብንልክለት! ይሄኔ ደብረ ብርሃን ሁለት ጋቢ ደርቦ፣ 'ፀሐይዋን ማን ሰረቃት?' እያለ ነው።"

የአባቴን ድምፅ አስመስዬ ነበር ያልኩት። አንደኛው ሽማግሌ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የጋሼ መኮንን ጉንጭ ረጠበ። ላብ መሰለኝ፤ ሮጬ ወጥቼ በረዶ የገባበት ውሃ አመጣሁላቸው። ብርጭቆውን ይዘው ሳይጠጡ ቆሙ።

"ምነው ጋሼ፣ ቦይለሩ አሸነፈዎት እንዴ?" ብዬ ሳቅሁ። ከልቤ ነበር የሳቅሁት።

ቫልቩን በመፍቻው እጀታ መታ መታ ሲያደርጉት እሳቱ ጠፋ። አጨበጨብኩላቸው።

ወደ ላይ ስንወጣ እትዬ አስካለ ሦስቱንም ወጥ ቤት አስገብታ በሩን ዘጋች። የተባባሉትን ጋሼ መኮንን ኋላ ነግረውኛል።

"ክርስትናው ይለፍልኝ" አለች። "ስንት ሰው ጠርቻለሁ። እሷ ለቅሶ ከተቀመጠች ማን ይሠራልኛል?"

"አባቷ ነው እኮ የሞተው፣ አስካለ!"

"አውቃለሁ። ግን የሞተ ሰው መርዶ አንድ ሳምንት ቢዘገይ ምን ይሆናል?"

ሽማግሌዎቹ ተረቱላት።

ሳምንቱን ሙሉ ሽንኩርት ስከትፍ ከረምኩ፤ እንባዬ ሳይቀር ለእሷ ዶሮ ወጥ ፈሰሰ። በመሃል በስልክ ካርድ ወደ አገር ቤት ደወልኩ። ወንድሜ አነሳው።

"አባዬን አቅርብልኝ።"

"ተኝቷል" አለኝ።

"እሺ፣ እንዳትቀሰቅሰው" አልኩት።

በክርስትናው ዕለት አስተናገድኩ፣ እልል አልኩ፣ ጨፈርኩ። በማግስቱ ማለዳ እነዚያው ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አሁን ግን በሩን እንደከፈትኩ ጮህኩ።

እትዬ አስካለ ዛሬ አርጅታለች። "ለአንቺ ብዬ ነው፤ ልብሽን አዘጋጅቼ ልነግርሽ" ትላለች። ለእኔ ብላ ቢሆን ሽንኩርቱን ሌላ ሰው በከተፈው ነበር። ሰዎች ቂም አትያዢ ይሉኛል። ልጄም "ማም፣ ሌት ኢት ጎ፣ በቃ ተይው" ትለኛለች። ልማዱን አልጠላም፤ ሰው ብቻውን ሆኖ እንዳይደነግጥ መርዶ በወግ እንዲነገር አባቶቻችን ያሰቡት መልካም ነገር ነው። እሷ ግን ያን ወግ ለድግሷ መጋረጃ አደረገችው።

ሳሎኗ ውስጥ በክርስትናው ዕለት የተነሳ ፎቶ ተሰቅሏል። ሕፃኑን ታቅፌ፣ ጥርሴ ሁሉ እስኪታይ እስቃለሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር "እስቲ ሳቋን እዩት፣ ሲያምርባት!" ትላለች። እኔም አያለሁ። አባቴን ዘግይቼም ቢሆን አልቅሼለታለሁ። ፎቶው ላይ ላለችው ልጅ ግን እስከ ዛሬ ማንም አልነገራትም።