ፍልሰታን የጾመች እንቁራሪት

ያቺ እንቁራሪት አንድ ናት ወይስ ሁለት፣ እስካሁን ቆርጬ መናገር አልችልም። ሰው ሲጠይቀኝ «አንድ ናት» እላለሁ። ብቻዬን ሳስበው ግን ይምታታብኛል።

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እኔ አንድ ቦታ አልረጋም። ወልድያ ሴት ልጄ ዘንድ እሰነብታለሁ፤ የባጃጁ ጩኸት ሲሰለቸኝ ግራና ወደምትባለው ከተማ ወንድሜ ጋ እወርዳለሁ፤ ከዚያ መርሳ፣ ከመስኖው ቦይ አጠገብ ወዳለችው ጎጆዬ እመለሳለሁ። ወንድሜ «አንቺ እኮ ሚኒባስ ሆነሻል» ይለኛል። ክረምት ሲገባ ግን ከመርሳ አልነቃነቅም፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጅ ልጄ ትላክልኛለች።

ስምንት ዓመቷ ነው። በዚያ ክረምት ከቦዩ ዳር ሁለት እጇን እንደ ጽዋ ገጥማ መጣች።

«እማማ፣ እዪው፤ ግን እንዳትጮኺ።»

እኔ ጮህኩ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል እንቁራሪት መዳፏ ላይ ቁጭ ብላለች። እጅ ላይ ከሸናች ኪንታሮት ታወጣለች ሲባል ነው ያደግሁት።

«ጣያት! ጉርጥ ናት!»

«ጉርጥ ቆዳው ሻካራ ነው፣ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። ይቺ ለስላሳ ናት፤ ደግሞ ትወጣለች» ብላ ግድግዳው ላይ አስጠጋቻት። እውነትም እንደ ሙጫ ተጣብቃ ወጣች። እኔ በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ቦይ ለቦይ ስሄድ ኖሬ፣ እንቁራሪት ግድግዳ ስትወጣ አይቼ አላውቅም። ወይም አይቼ አላስተዋልኩም።

የዘይት ጄሪካን ለሁለት ቆረጥንላት። ከቦዩ ውኃ፣ ጠጠርና ሣር ከተትን፤ አፉን በአሮጌ አጎበር ቁራጭ አሰርነው። ልጅቷ ዝንብ እየያዘች ትጥልላታለች፤ ሲመሽ እንቁራሪቷ ሁለት ሳንቲም እንደሚጋጭ ጥቅ፣ ጥቅ ትላለች። እውነቴን ነው፣ ለመድኳት።

ግራ መጋባቴ የጀመረው በማግስቱ ነው። ማታ ስትከተት እንደ ደረቀ ሣር ቡናማ ነበረች። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያገኛት ወተት መሰለች።

«ልጄ፣ ይቺማ ሌላ ናት። ሰው ለውጦብናል።»

«ማን ይለውጣል እማማ? እንቁራሪት ሌባ?»

ሲመሽ ቡናማዋ ተመለሰች። ወልድያ ያለችው እናቷ በስልክ የእንቁራሪት ሥዕል ላከችልን። ነጭ አለ፣ ቡናማ አለ፣ ባለመስመር አለ፤ ልጅቷ ስታነብልኝ ስሙ ሁሉ የፈረንጅ ነው። የኛን ከየትኛው እንመድባት? ጠዋት የመሰለችውን ማታ አትመስል። በመጨረሻ ልጅቷ የእንቁራሪቷን እግር በቀስታ ገልጣ አሳየችኝ፤ የጣቶቿ መሐል ቀይ ነው። ነጭ ስትሆንም ቀይ፣ ቡናማ ስትሆንም ቀይ። «ምልክቷ ይኼ ነው። አንድ ናት» አለች። ተቀበልኩ።

ታዲያ እናትዬው ሥዕሉን ስትልክ አንድ ቃል ጨምራ ነበር፤ «እዚያው ተጫወቱባት፣ እኔ ቤት እንቁራሪት አይገባም»። ልጅቷ አላለቀሰችም። ፍልሰታ ሊገባ ሲል ግን ፊቷን ታጥባ መጣችና እንዲህ አለችኝ፤

«ለእመቤታችን ተስያለሁ። እኔም እሷም ፍልሰታን ከጾምን፣ እማዬ ትፈቅድልኛለች።»

«እሷ ማን ናት?»

ጣቷን ወደ ጄሪካኑ ቀሰረች።

ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው። በኛ አገር ያን ጾም ያልጾመ ልጅ በእኩዮቹ ይሳቅበታል። እሷ ትጹም፣ ደስ ይለኛል። እንቁራሪት ግን ከዝንብ በቀር ምን ትበላለች? ዝንብስ ሥጋ ነው ወይስ አይደለም? እኔ የትምህርት ቤት ደጃፉን እንጂ ውስጡን አላውቀውም፤ እንዲህ ያለ ነገር የት እንደሚጠየቅም አላውቅም።

«እንስሳ አይጾምም ልጄ።»

«የነነዌ ላሞችስ? ሰንበት ትምህርት ቤት ነግረውናል፤ ከሰዎቹ ጋር ጾመዋል!»

እውነቷን ነው።

ሽሮ ሰጠቻት፤ አልነካችም። የእንጀራ ፍርፋሪ ሰጠቻት፤ ውኃው ላይ አብጦ ቀረ። ቀናት አለፉ። እንቁራሪቷ ጎንዋ ገባ፣ የዳሌዋ አጥንት ብቅ አለ፣ ማታ ማታ የምታሰማው ጥቅ ጥቅ ቀረ። ልጅቷ ከቅዳሴ ስትመለስ ምሳዋን ሳትቀምስ አጎበሩ ላይ ተደፍታ «ትንሽ ቀረን፣ አይዞሽ» ትላታለች። ዝንብ ብትጥል ስለቷ ይፈርሳል፤ ባትጥል እንቁራሪቷ ትሞታለች። ይህን እሷም አውቃዋለች።

ዝንብ ደብቄ ልጥል አስቤ ነበር። ግን የልጅ ስለት በስርቆት ይፈታል? ይህም ጨነቀኝ።

ማንጎ የምትሸጠው እስላም ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። አብረን ያረጀን ነን።

«ሱብሃነላህ!» አለች። «እንቁራሪት አትገደልም። ያ ጩኸቷ ተስቢህ ነው፤ ጌታዋን ነው የምታወድስ። ዝም ካለች ውዳሴዋን ነው ያስተዋችኋት!»

«ልጅቷ ተስላለች እኮ።»

«እንቁራሪቷስ ከወንዟ ወጥታ አንቺ ቤት ያለች መንገደኛ አይደለችም? በኛ መንገደኛ ጾም አይገደድም። አብሽሪ፣ አብዪያት።»

«እኔም ዕድሜ ልኬን መንገደኛ ነኝ፣ እጾማለሁ እኮ።»

«አንቺማ ሚኒባስ ነሽ» ብላ ሳቀችብኝ። ወንድሜ ለሰው ሁሉ አዳርሶታል።

ከእሷ ዘንድ በመጠኑ ቀሎኝ ወጣሁ፤ ቤቴ ስደርስ ግን መልሶ ከበደኝ። የእስላም ጾም ሕግ ለክርስቲያን እንቁራሪት ይሠራል? ደግሞ ክርስቲያን ያደረጋት ማን ነው?

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ልጅቷን ይዤ የንስሐ አባቴን ጠበቅኋቸው። የበኩር ልጄ እኩያ ናቸው፤ እኔ «አባቴ» እላለሁ፣ እርሳቸው «ልጄ» ይሉኛል።

«አባቴ፣ እንቁራሪት ትጾማለች?»

መጀመሪያ የሳቁ መስሎኝ ነበር፤ ሳል ነበር።

«ልጄ፣ ጾም ለሰው ነው። እንቁራሪት ምን ኃጢአት አላትና?»

ልጅቷ ከኋላዬ ብቅ አለች፤ «የነነዌ ላሞችስ ምን ኃጢአት ነበረባቸው አባ?»

ጥምጥማቸውን ነካ ነካ አደረጉ፣ ሰማዩን አዩ። ደመናው ከብዷል። «ዝናብ መጣ፣ ቶሎ ግቡ» አሉን። ከዚያ ተመልሰው «ቁርጡን አስቤበት እነግራችኋለሁ» አሉ። እርሳቸውም እንደኔ ሆነው ሄዱ።

ዝናቡ ጣለና ከሰዓት በኋላ ቀጥ አለ። ሊመሽ ሲል መብራት አበራሁ። ቤቱ ታፍኗል፤ የጄሪካኑን አጎበር ፈታሁት። ለምን ፈታሁት? ለአየር ነው። እንቁራሪቷ አየር እንድታገኝ። እንዲህ ነው የማስታውሰው።

ከዝናብ በኋላ አሸን እንደሚፈላ ማን ያጣዋል? ከቦዩ ዳር ተነሥቶ በበሩ ገባ፤ መብራቱን ከበበ፤ ክንፉ እየረገፈ ወለሉ ላይ፣ ድስቱ ላይ፣ ጄሪካኑ ውስጥ ወደቀ። ያቺ ከሲታ እንቁራሪት ዘለለች። አንድ ዋጠች። ሌላ ዋጠች። ዓይኗ በያንዳንዱ ጉርሻ ወደ ውስጥ ይሰጥማል። ሆዷ እያየነው ወጣ።

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። «ጾም ገደፈች!»

«እኛ አልሰጠናትም እኮ።»

«ማን ሰጣት ታዲያ? እመቤታችን ናት የላከችላት ወይስ ራሷ ናት የገደፈች?»

«እንጃ ልጄ።»

«አጎበሩን ማን ፈታው?»

«ለአየር ነው» አልኩ። እኔንና አጎበሩን አፈራርቃ አየች።

በማግስቱ ጠዋት ጄሪካኑን ታቅፋ ወደ ቦዩ ሄደች። «መጾም የማትችል ከሆነ እኔን ብላ አትራብ። አሸን ካለበት ትኑር» አለችና ሣሩ ላይ ለቀቀቻት። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። አላለቀሰችም፤ ትከሻዋ ብቻ ወረደ።

ወደ ቤት ስንገባ ስልኩ ይጮሃል። እናቷ ነበረች።

«በቃ አምጫት፣ ፈቅጃለሁ። በረንዳ ላይ ግን!»

ልጅቷ ስልኩን ዘግታ ወደኔ ዞረች። «እማማ፣ ስለቴ ሰመረ ማለት ነው? ተፈትቶ ነው የሰመረው?»

ነጠላዬን ጣል አድርጌ ተያይዘን ወደ ቦዩ ተመለስን። አንዱን ሣር ገለጥን፣ አንዲት ተቀምጣለች። የጣቶቿ መሐል ቀይ ነው። «አገኘናት!» ብዬ እልል ልል ስል ከጎኗ ሌላ አለች፤ እሷም ቀይ። ከማዶው ሣር ላይ ሌላ፤ ቀይ። ምልክት ያልነው ነገር የአገሩ ሁሉ ምልክት ኖሯል።

አንዷን መዳፏ ላይ ስታስቀምጣት አልሸሸችም። ጠግባ ይሁን ለምዳን፣ ማን ያውቃል።

«እሷ ናት?» አለችኝ።

«ትመስላለች። ደግሞ ላትሆን ትችላለች።»

ልጅቷ እንቁራሪቷን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ፊቷ ቀስ እያለ ተፈታ።

«እሷ መሆኗን ካላወቅን፣ ስለት አለባት ማለት አንችልም አይደል?»

«አንችልም።»

«እንግዲያው ዝንብ እሰጣታለሁ።» እዚያው ቦዩ ዳር አንድ ዝንብ ያዘችላት። ዋጠች። ልጅቷ ግን ጾሟን እስከ መጨረሻው ጾመች።

ቡሄ ካለፈ በኋላ፣ ጾሙም ሲፈታ፣ ወልድያ አደረስኳቸው። በሚኒባሱ ውስጥ ጄሪካኑ ጭኔ ላይ ነበር፤ ረዳቱ «እማማ፣ ቅቤ ነው?» አለኝ፣ አጎበሩን በነጠላዬ ሸፈንኩት። እኔ አንድ ቀን አድሬ ወደ ግራና ወረድኩ። ገና ወንድሜ ቤት ሳልቀመጥ ልጄ ደወለች፤ ድምጿ ግራ የገባው ነው።

«እማዬ፣ ይቺ እንቁራሪት ጠዋት ነጭ ነበረች፤ አሁን ቡናማ ሆናለች። ስንት ነው የሰጠሻት?»

ከጀርባዋ ጥቅ፣ ጥቅ የሚል ይሰማኛል።

«አንድ ናት» አልኳት። «ይመስለኛል።»